በርሊናሌ በተመልካች ዓይን፦ የቲኬቱ ሽሚያ፣ አዳራሾቹ እና የየካቲቱ ብርድ

የካን ፌስቲቫል በዋናነት የባለሙያ ነው፤ አንገቱ ላይ ባጅ ያላንጠለጠለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ከቀይ ምንጣፉ አጥር ድረስ ነው። የበርሊን ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል፣ ሁሉም በአጭሩ በርሊናሌ የሚለው፣ ቲኬት የቆረጠ ሰው ከአዘጋጁ፣ ከተዋናዩና ከሃያሲው ጋር እኩል የሚቀመጥበት ነው። በ11 ቀን ውስጥ 200 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ፊልሞች ይታያሉ፤ ለሕዝብ የሚሸጠው ቲኬትም ከ300,000 ያልፋል።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ፊልም ለሚወድ ሰው ዋጋውን የሚያወጣ ፌስቲቫል ነው። ሆኖም ስሙን ብቻ ሰምቶ ሳይዘጋጅ የሄደ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም በወረፋና በባቡር ይጨርሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትልቁን አዳራሽ፣ ትልቁን ፊልምና የምረቃውን ምሽት ሲያሳድድ ነው። የበርሊናሌ ፍሬ ነገር ያለው ከዚያ ወጣ ብሎ ነው፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዕይታ፣ ከመሀል ራቅ ባለ ሲኒማ ቤት፣ ማንም ስሙን ባልሰማው አዘጋጅ ፊልም ላይ።

ፌስቲቫሉ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1951 በምዕራብ በርሊን ነው። ሐሳቡን የገፋው ኦስካር ማርታይ የተባለ የአሜሪካ ወታደራዊ አስተዳደር የፊልም ኃላፊ ሲሆን የመጀመሪያው ዳይሬክተር አልፍሬድ ባወር ነበር። መክፈቻው የተካሄደው በሽቴግሊትዝ ሰፈር በሚገኘው ቲታኒያ ፓላስት ነው፤ ቤቱ ዛሬም ሲኒማ ነው። ከ1957 ጀምሮ ዋናው ቤት ዙ ፓላስት ሆነ፣ ከ2000 ወዲህ ደግሞ ፖትስዳመር ፕላትዝ የተባለው አደባባይ። እስከ 1977 በበጋ ይካሄድ የነበረውን በ1978 ወደ ፌብሩዋሪ ያዞረው በወቅቱ ዳይሬክተር የነበረው ቮልፍ ዶነር ነው። ከካን ቀድሞ ፊልም ለማግኘትና ለፊልም ገበያው እንዲመች የተደረገ ነበር። ቱሪስት በሌለበት፣ ሰማዩ በጠቆረበት ወቅት ከተማው ራሱ ሲኒማ ቤቱን ይሞላል፤ የበርሊናሌ ተመልካች በዋናነት የበርሊን ሰው የሆነውም በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው። በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ በየካቲት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ላይ ይውላል፤ ሐሙስ ይከፈታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ያበቃል።

ፕሮግራሙን ስትከፍቱ የሚያደናግረው የክፍሎቹ ብዛት ነው። ውድድር የሚባለው ክፍል 20 ገደማ ፊልሞች ይዟል፤ የሚፋለሙትም ለፌስቲቫሉ ከፍተኛ ሽልማት፣ ለወርቃማው ድብ ነው። በርሊናሌ ስፔሻል ታዋቂ ተዋንያን ያሉባቸውን ከውድድር ውጭ የሆኑ ፊልሞች ይይዛል፤ ቲኬቱ ቶሎ ያልቃል፣ ፊልሞቹ ግን ብዙዎቹ ከወራት በኋላ በየሲኒማ ቤቱ የሚገኙ ናቸው። ቀናችሁን እዚያ ላይ ባታጠፉ ይመረጣል። ፓኖራማ ለተመልካች ቀረብ ያለ፣ ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ጉዳይ የሚያነሳ ነው። ፐርስፔክቲቭስ በ2025 የተጀመረ ሲሆን የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለድ ፊልማቸውን ለሠሩ ብቻ ነው። ጀነሬሽን ለሕፃናትና ለወጣቶች ነው። ከእነዚህ ሌላ አጫጭር ፊልሞች፣ የታደሱ አሮጌ ፊልሞችና ሬትሮስፔክቲቭ፣ ማለትም የቀድሞ ፊልሞች ስብስብ፣ አሉ።

ፎረም የሚባለው ክፍል ለብቻው መታየት አለበት። በ1970 የዳኞች ቡድን በቬትናም ጦርነት ላይ በተሠራ አንድ የምዕራብ ጀርመን ፊልም ምክንያት ተከፋፍሎ ሥራውን ለቀቀ፤ በዚያ ዓመት ውድድሩ ያለ ሽልማት ተቋረጠ። ከዚህ ቀውስ በኋላ በ1971 ፎረም ተወለደ፣ ለረጅም ዓመታትም በኡልሪሽ ግሬጎር ተመራ። እስከ ዛሬ ሙከራ የሚደፍሩ፣ ርዝመታቸው ከተለመደው የሚወጣ፣ ዘጋቢና ልብ ወለድን የሚቀላቅሉ ፊልሞች የሚገኙት እዚያ ነው። ሁሉም ፊልም አይጥምም፤ በመሀል ተነስተው የሚወጡ ሰዎች ይኖራሉ። ነገር ግን በሌላ ቦታ ፈጽሞ የማታዩትን ፊልም የማግኘት ዕድላችሁ እዚህ ይበልጣል፣ ቲኬቱም ከውድድር ክፍሉ በጣም በቀለለ መንገድ ይገኛል። ከአምስት ፊልም ሁለቱን ከፎረም፣ ሁለቱን ከፓኖራማ፣ አንዱን ከውድድር ብትመርጡ ጥሩ ሚዛን ነው ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ቲኬቱ እንምጣ፤ አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ሽያጩ በኢንተርኔት ነው። ድሮ ፖትስዳመር ፕላትዝ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ሰው ብርድ ልብስ ይዞ የሚሰለፍበት የቲኬት መስኮት ነበር፤ ያ ዘመን አልፏል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የአንድ ቀን ቲኬት የሚወጣው በጥቅሉ ከሦስት ቀን በፊት፣ በበርሊን ሰዓት 10፡00 ላይ ነው፤ ይህ በእኛ አነጋገር ጠዋት 4 ሰዓት መሆኑ ነው። የመክፈቻው ሐሙስ ቲኬት ሰኞ፣ የዓርቡ ማክሰኞ እያለ ይቀጥላል። አዲስ አበባ ሆኖ የሚገዛ ሰው ሁለት ሰዓት መደመር አለበት፤ በክረምት አቆጣጠራቸው የበርሊን 10፡00 ለእኛ ልክ ቀን 6 ሰዓት ነው። ቀድመው የሚወጡ አንዳንድ ቲኬቶችም ስላሉ በየፊልሙ ገጽ ላይ ሽያጩ የሚጀምርበትን ሰዓት አንብቡ።

ሙሉው ፕሮግራም ይፋ ከሆነ ወዲያ ሽያጭ እስኪጀምር ጥቂት ቀናት ብቻ ናቸው ያሉት፣ ስለዚህ ዝርዝራችሁን ያኔውኑ ሥሩ። ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ፊልም መምረጥ አይበቃም፤ ሦስት ያዙ፦ የምትመኙት፣ የምትስማሙበት፣ ካጣችሁ የምትገቡበት። ከፊልሙ ስም ይልቅ ዕይታውን ምዘኑ። አንድ ፊልም በፌስቲቫሉ ሦስት አራት ጊዜ ይታያል። ምረቃው ላይ ሰው ይጋፋል፤ በማግስቱ ጠዋት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ኩቢክስ በተባለው ሲኒማ ቤት ሲታይ ግን ቦታ ይኖራል። አዘጋጁም ብዙ ጊዜ ከተማው ውስጥ ስለሚቆይ ለሁለተኛው ዕይታ ይመጣል፣ ጥያቄና መልሱም ካሜራ በሌለበት የተሻለ ይሆናል።

የሽያጩ ቀን አካውንታችሁን አስቀድማችሁ ከፍታችሁ፣ የካርዱን መረጃ አስገብታችሁ፣ ከ10 ደቂቃ በፊት ግቡ። ገጹ ወረፋ ውስጥ ሲያስገባችሁ ገጹን ደጋግሞ ማደስ ከወረፋው ያስወጣል፤ እጃችሁን ሰብስቡ። በርካታ መስኮቶችን በአንድ ስልክ መክፈትም አይጠቅምም። ለአንድ ዕይታ የሚፈቀደው ሁለት ቲኬት ብቻ ስለሆነ አራት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሁለት ሰው በሁለት አካውንት መግዛት አለበት። በብዛት ክፍያ የሚወድቀው ባንኩ የማረጋገጫ መልእክት ሲልክ ነው፦ የስልክ ቁጥሩ ኔትወርክ ከሌለው ወይም ሮሚንግ ካልተከፈተ ኮዱ አይደርስም፣ ቅርጫቱ ውስጥ የያዛችሁት ቲኬት ጊዜው አልፎ ለሌላ ሰው ይለቀቃል። በብር ብቻ የሚሠራ ካርድ እዚህ አያገለግልም፤ በውጭ ምንዛሪ መክፈል የሚችል ካርድ አስቀድማችሁ በትንሽ ግዢ ሞክሩ።

"ተሸጧል" የሚል ጽሑፍ በ10፡03 ብታዩ ተስፋ አትቁረጡ። ሌሎች ሰዎች ይዘው ያልከፈሉት ቲኬት ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል። ዕይታው በሚካሄድበት ቀን ጠዋትም ሳይጠቀሙበት የቀረ ቦታ ሊለቀቅ ይችላል። በሩ ላይ "ዙኸ ካርተ"፣ ማለትም ቲኬት እፈልጋለሁ፣ የሚል ወረቀት ይዞ መቆም የበርሊናሌ የቆየ ልማድ ነው፤ ጓደኛው የቀረበት ሰው በዋጋው ይሸጥላችኋል። ከዋጋው በላይ ለሚጠይቅ ግን እጅ አትስጡ፤ የተኮረጀ ወይም የተሰረዘ ኮድ ሊሆን ስለሚችል በሩ ላይ ስካን ሲደረግ ትመለሳላችሁ።

ዋጋው እንደ ዓመቱ ይለያያል፣ በጥቅሉ ግን ተራ ቲኬት ከ10 እስከ 20 ዩሮ ባለው ውስጥ ነው፤ የጀነሬሽን ክፍል ከዚህ ይረክሳል። ይህ መጠን ላለው ፌስቲቫል አግባብ ነው እንላለን። በቀን ሦስት ፊልም፣ ለአምስት ቀን ማየት ለሚፈልግ ሰው ግን ድምሩ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት አስሉት።

ቋንቋን በተመለከተ፣ ፊልሞቹ በራሳቸው ቋንቋ ነው የሚታዩት፤ እንግሊዝኛ ያልሆኑት በሙሉ ማለት ይቻላል የእንግሊዝኛ ሰብታይትል አላቸው። ጀርመንኛ አለማወቅ ችግር አይሆንም። አንድ ወጥመድ ብቻ አለ፦ የሕፃናቱ ክፍል ኬፕሉስ። እዚያ ሰብታይትል ማንበብ ለማይችሉ ልጆች ሲባል አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ በማይክሮፎን ንግግሩን በጀርመንኛ እያነበበ ይሄዳል። ለልጆቹ ድንቅ አገልግሎት ነው፣ ጀርመንኛ ለማያውቅ አዋቂ ግን ፊልሙን ያበላሽበታል። የፕሮግራሙን የቋንቋ ምልክት ሳታዩ አትግዙ። ከ14 ዓመት በላይ ላሉት የተዘጋጀው ክፍል ይህ ችግር የለበትም።

ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ሌላም ነገር እወቁ። በጀርመን ሕግ የዕድሜ ደረጃ ያልተሰጠው ፊልም ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው አይታይም፤ የፌስቲቫሉ ፊልሞች አብዛኞቹ አዲስ ስለሆኑ ደረጃ የላቸውም። ስለዚህ የ15 ዓመት ልጅ ወላጁ አብሮት ቢሆን እንኳ ከውድድሩ ክፍል በር ላይ ሊመለስ ይችላል። ለልጆች የተዘጋጀው ጀነሬሽን ነው፣ በየፊልሙ ላይም የሚመከረው ዕድሜ ተጽፏል። ዳኞቹም ልጆች ናቸው፤ በኬፕሉስ ሕፃናት፣ በወጣቶቹ ክፍል ወጣቶች ተቀምጠው የክሪስታል ድብ የተባለውን ሽልማት ይሰጣሉ።

ወደ አዳራሾቹ ስንመጣ አስተያየታችን የተከፋፈለ ነው። ዋናው ቤት በርሊናሌ ፓላስት በማርሌነ ዲትሪሽ ፕላትዝ የሚገኝ ሲሆን በጣሊያናዊው አርክቴክት ሬንዞ ፒያኖ የተነደፈ፣ ከ1,500 በላይ ሰው የሚይዝ ነው። ቀሪውን ዓመት ግን የሙዚቃና የመድረክ ትርኢት ቤት ነው፤ ለሲኒማ አልተሠራም። መሬት ላይ ያለው ወንበር ጥሩ ነው። በላይኛው ፎቅ ቁልቁል ማየት ግድ ይላል፤ ሰብታይትሉ ከፊት ባለው ሰው ጭንቅላት ወይም በመከላከያው ብረት ሊሸፈን ይችላል፣ ጉልበትን የሚያጥፍ ጥበትም አለ። ረጅም ሰው የላይኛውን ፎቅ ባይገዛ ይመረጣል። አንድ ምሽት ለድባቡ ግቡበት፣ ከዚያ ሌላ ቤት ሂዱ።

ዙ ፓላስት ለዓይንም ለጆሮም ከሁሉ ይበልጣል። በ2013 ታድሶ የተከፈተ ሲሆን የትልቁ አዳራሽ ወንበር ሰፊ፣ ሸራው ግዙፍ ነው። ከዙ ፓላስት በእግር 10 ደቂቃ የማይሞላው ዴልፊ ፊልም ፓላስት መጀመሪያ በ1920ዎቹ የዳንስ ቤት ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲኒማ ሆነ። የፎረም ተመልካች ልብ ያለው እዚያ ነው። ጥያቄና መልሱ ሲረዝም ማንም የማይቸኩልበት ቤት ነው። የበርሊነር ፌስትሽፒለ ቤትም የመድረክ አዳራሽ ቢሆንም ከበርሊናሌ ፓላስት የተሻለ እይታ አለው። አሌክሳንደር ፕላትዝ ላይ ያለው ኩቢክስ ዘመናዊ ባለብዙ አዳራሽ ሲኒማ ነው፤ ድባብ የለውም፣ ግን ትንበያው ንጹሕ፣ ድምፁ ጥሩ፣ ቲኬቱም ከሌላው የሚገኝ ነው። ሥራው ላይ ላተኮረ ተመልካች ይበቃል።

ፖትስዳመር ፕላትዝ ራሱ እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በሶኒ ሴንተር የነበረው ሲኒስታር በ2019 መጨረሻ ሲዘጋ ፌስቲቫሉ በአንድ ጣሪያ ሥር የነበሩትን አዳራሾች አጣ። ድሮ ከአንዱ ፊልም ወጥቶ መንገድ ተሻግሮ ወደ ሌላው መግባት ይቻል ነበር። አሁን ዕይታው በከተማው ተበትኗል፣ ሰዎች በመንገድ ላይ ተገናኝተው ስለ ፊልም የሚከራከሩበት መሀል ቦታም ሳስቷል። የበርሊናሌ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ አዘጋጆቹ ብቻቸውን የሚፈቱት ባይሆንም።

ስለዚህ የባቡሩን ካርታ ማጥናት የፕሮግራሙን ያህል ያስፈልጋል። ጀርባ አጥንቱ ኡ2 የምድር ባቡር ነው፤ ዙ ፓላስት አጠገብ ያለውን የዙ ጣቢያ፣ ፖትስዳመር ፕላትዝንና አሌክሳንደር ፕላትዝን ያገናኛል። ከፖትስዳመር ወደ ዙ 6 ፌርማታ፣ ወደ አሌክሳንደር 7 ፌርማታ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዙ በቀጥታ ወደ አሌክሳንደር ሲሄድም ኡ2ን ይዞ ነው፤ ኤስ-ባን የሚባለው የከተማ ባቡር በ6 ፌርማታ፣ በሩብ ሰዓት ገደማ ያደርሳል። ለፌስትሽፒለ ቤት ከዙ ኡ9ን ይዛችሁ ሁለተኛው ፌርማታ ሽፒሸርንሽትራሰ ላይ ውረዱ። ሲኒማ ቤቶቹ ሁሉም ኤ እና ቢ በተባሉት የትራንስፖርት ቀጠናዎች ውስጥ ናቸው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ግን ሲ ውስጥ ነው። ሲወርዱ ኤቢ ቲኬት ይዘው የሚሳፈሩ እንግዶች 60 ዩሮ ይቀጣሉ። የወረቀት ቲኬት ከሆነም በማሽኑ ካልታተመ እንዳልተከፈለ ነው የሚቆጠረው።

በሁለት ፊልሞች መካከል ስንት ሰዓት ይበቃል? የፊልሙን ርዝመት፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጥያቄና መልስ፣ ኮት ማስቀመጫው ጋ የሚጠፋ 10 ደቂቃ፣ ባቡር፣ ከዚያም በሚቀጥለው በር ቢያንስ 20 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ። ፊልም ካለቀ በኋላ ከ75 ደቂቃ በታች ክፍተት ተውታችሁ ሰፈር አትቀይሩ። በቲኬቱ ላይ የወንበር ቁጥር ከሌለ ቦታ የሚይዘው ቀድሞ የደረሰ ነው፤ ተንጠልጥሎ የደረሰ ከፊት ረድፍ አንገቱን ሰብሮ ያያል። በቀን ሦስት ፊልም ልክ ነው። አምስተኛው ፊልም ላይ የደረሰ ሰው ዓይኑ ተከፍቶ ነው የሚተኛው። ሰዓቱ በ24 አቆጣጠር እንደሚጻፍም አስታውሱ፤ 21፡30 ለእኛ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የምድር ባቡሩ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ነው፤ በሌላው ቀን ኤን2 የሚባለው የሌሊት አውቶቡስ ኡ2ን ይተካል።

ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ሙቀቱ ዜሮ አካባቢ ይውላል፣ ነፋሱ በፖትስዳመር ሕንፃዎች መሀል ይጠነክራል። ውስጥ ግን ማሞቂያው ኃይለኛ ስለሆነ አንድ ወፍራም ልብስ ከመልበስ ሦስት ቀጫጭን ደራርቦ መግባት ይሻላል። ትልቅ ሻንጣና ቦርሳ ይዛችሁ በር ላይ አትድረሱ።

ጥቂት ሰው የሚያውቃቸውን ሁለት ነገሮች እንጠቁም። አንደኛው ከ2010 ጀምሮ የሚካሄደው የሰፈር ሲኒማ ፕሮግራም ነው። ፌስቲቫሉ በየቀኑ ወደ አንድ አነስተኛ የሰፈር ሲኒማ ቤት ይሄዳል፤ አዘጋጆቹም አብረው ይሄዳሉ። 200 ሰው በማይሞላው ክፍል ውስጥ የሚደረገው ውይይት በበርሊናሌ ፓላስት የማይገኝ ነው። ሁለተኛው ሬትሮስፔክቲቭ ነው፤ ኪኔማቴክ ከሚባለው የጀርመን የፊልም ቅርስ ተቋም ጋር የሚዘጋጅ ሲሆን አንዳንዴ በ35 ሚሊሜትር ፊልም ይታያል። ጋዜጠኛው ሁሉ አዲሱን ስለሚያሳድድ ለእነዚህ ቲኬት ማግኘት አይከብድም።

የውድድሩ ክፍል ከስሙ ጋር የማይመጣጠንባቸው ዓመታት አሉ። ምክንያቱ የቀን መቁጠሪያው ነው፦ ፊልሙን በየካቲት የጨረሰ ታዋቂ አዘጋጅ ብዙ ጊዜ ግንቦትንና ካንን መጠበቅ ይመርጣል። በዚህ ሰበብ የሚከፈተው ቦታ ግን ለዘጋቢ ፊልምና ለአፍሪካ በር ሆኗል። በ2024 ሉፒታ ኒዮንጎ የመራችው የዳኞች ቡድን ወርቃማውን ድብ ለፈረንሳዊ-ሴኔጋላዊቷ ማቲ ዲዮፕ ዘጋቢ ፊልም ሰጥቷል። የእኛ ሰዎችም እዚህ አሻራ አላቸው፤ የኃይሌ ገሪማ ሳንኮፋ በ1993 በውድድሩ ቀርቧል፣ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ድፍረት ደግሞ በ2014 የፓኖራማን የተመልካች ሽልማት ወስዷል። ይህን ሽልማት የሚወስነው ከፊልሙ በኋላ ድምፅ የሚሰጠው ተመልካች ነውና እናንተም ድምፃችሁን ሳትሰጡ አትውጡ።

ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ፕሮግራሙ ከመውጣቱ ከብዙ ጊዜ በፊት የሚጀመር ሥራ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ መደበኛ የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ረዝሟል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማስገባት ስለሚቻል መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ጀምሩ። የጉዞ መድን ሽፋኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሆን አለበት። የፊልም ቲኬት የቪዛ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ በዚያን ጊዜ ገና አልወጣምና። የምታሳዩት የማረፊያ ቦታ፣ የገቢና የመመለሻ ማስረጃ ነው። በፌስቲቫሉ ሰሞን ሆቴል ስለሚወደድ ሊሰረዝ የሚችል ማረፊያ አስቀድሞ መያዝ ያዋጣል፤ ኡ2 ወይም ኡ9 አጠገብ ከሆነ ሽዕነበርግም ሆነ ፓንኮው ብትቆዩ አይርቅም።

ፊልም ሠሪ ከሆናችሁ ደግሞ ማመልከቻው በአብዛኛው የሚዘጋው በኦክቶበርና በኖቬምበር ነው። ከሁሉ በፊት የሚጥላችሁ ነገር ዩቲዩብ ነው፦ በኢንተርኔት ለሕዝብ የተለቀቀ ወይም በጀርመን አስቀድሞ የታየ ረጅም ፊልም ለምርጫ አይበቃም። ስለዚህ መልስ ሳታገኙ አታውጡት። ለምርጫ የሚላከው በይለፍ ቃል የተዘጋ ሊንክ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ሊኖረው ግድ ነው፤ በጥድፊያ የተተረጎመ ሰብታይትል ጥሩ ፊልም ይገድላል፣ ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው ያንብበው። ፊልሙ ከተመረጠ ለሲኒማ ቤት የሚዘጋጀው ዲጂታል ፋይል፣ ዲሲፒ፣ ላይ የሚታወቁት ስሕተቶች ሰብታይትሉ አለመካተቱ፣ የፍሬም ፍጥነቱ ከድምፁ ጋር አለመግጠሙና የተቆለፈ ፋይል ቁልፉ ከዕይታው ቀን በፊት ጊዜው ማለፉ ናቸው። ከመላካችሁ በፊት ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን እውነተኛ የሲኒማ ሰርቨር ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዩት። ለወጣት ሠሪዎች በ2003 የተጀመረው በርሊናሌ ታለንትስ በየዓመቱ 200 ገደማ ሰዎች ይቀበላል፤ ከ2004 ጀምሮ ያለው ወርልድ ሲኒማ ፈንድም ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች ፕሮጀክት ይደግፋል።

ቅዳሜ ማታ ሽልማቱ ይሰጣል፤ እሑዱ የተመልካች ቀን ነው። እንግዶች ሄደዋል፣ ቀይ ምንጣፉ ተጠቅልሏል፣ የበርሊን ሰው ደግሞ ሲኒማ ቤቱን ለራሱ ያገኛል፤ ጥያቄና መልስ የለም፣ ፊልሞቹ ግን ይደገማሉ። በሳምንቱ ያመለጣችሁን ፊልም የሚይዝላችሁ ይህ ቀን ነው። የመመለሻ ትኬታችሁን ለእሑድ ጠዋት የቆረጣችሁ እንደሆነ ወደ ሰኞ አዙሩት።